አምስት ራስ ሃያሲንት

እህቴ በሞተች በአርባኛው ቀን እናቴ ቢቸና፣ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብላ የቀለም ባልዲ ታጥብ ነበር፤ ልጇ የምትልክላትን አበባ ልትተክልበት። እኔ ደግሞ ሞጣ ነበርኩ፣ በዚያችው ልጅ ተዝካር ላይ። እናቴ ልጇ መሞቷን አታውቅም። የደበቅናት አጎቴ፣ የነፍስ አባታችንና እኔ ነን። ከሦስታችን የበዛው ጥፋት የእኔ ነው፤ እሱን ለመናገር ነው የምጽፈው።

እህቴ ታናሼ ናት። «ነበረች» ማለት እስካሁን አፌ አይደፍርም። ሞጣ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምር ነበር፤ አንዲት ሙስሊም ባለሱቅ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ ትኖር ነበር። መስከረም ላይ ከውጭ አገር የመጣች የድሮ ጓደኛዋ አምስት ራስ የአበባ ተክል ሰጠቻት፤ ስሙ ሃያሲንት ነው። ለማያውቀው ሰው ቀይ ሽንኩርት ነው የሚመስለው፤ ገበያ ላይ ቢደባለቅ ማንም አይለየውም። ያኔ ስልክ ይሠራ ስለነበር ለእናቴ ደውላ ነገሩን አስረዳቻት። ተክሉ የብርድ አገር ተክል ነው፤ ብርድ ካልቀመሰ አያብብም፤ ስለዚህ ሦስት ወር በባለሱቋ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ታኅሣሥ ላይ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ትተክዪዋለሽ፣ ሲያብብ መጥቼ አብረን እናሸተዋለን አለቻት። እናቴ ስልኩን ዘግታ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። ይህች ልጅ እሷ ደህና ብርድ ልብስ ሳይኖራት አበባ በፍሪጅ ታስተኛለች እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራችው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ፣ መንገዱም ተዘጋ። ያን ጊዜ እኛ አገር የኖረ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ እህቴን ሆዷን አመማት። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ ባሕር ዳር ትሂድ ተባለ፤ የሚወስዳት መኪና ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። አንድ ሰው ሆዱን ታሞ በመንገድ ምክንያት ይሞታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፣ ግን በማን ላይ እንደሚፈላ እንኳ አላውቅም።

ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ከተቀበረች በአምስተኛው ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ ሰልፉ ረጅም ነበር። መኪናውን ሞጣ ጥሎ በእግሩ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሰልፉ ወጣ ብሎ በመስኮቱ አንገቱን አስገባና ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የስድስት ሰው ካርድ ፈልጌ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አላውቅም፤ ሰዎቹ ቆመው ስለነበር ይሆናል።

በእኛ ዘንድ ሞት ለቤተሰብ እንዲሁ በመንገድ አይነገርም። እኔን ሾፌሩ የነገረኝ እንግዳ ስለሆነ ነው። ለእናት መርዶ ሲነገር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው በር ያንኳኳሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ያወቀ ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ይኖራል። እኔም ማልቀሴን ዋጥ አድርጌ በቀጥታ ወደ አጎቴ፣ ወደ እናቴ ታናሽ ወንድም ቤት ሄድኩ። እሳቸው የነፍስ አባታችንን አስጠሩ። እናቴ በክረምቱ ደም ግፊቷ ተነስቶ ግራ እጇ ደንዝዞ ቀርቷል። መንገዱ ሳይከፈት ብንነግራት የልጇን መቃብር እንኳ ሳታይ እናጣታለን አሉ አጎቴ። የነፍስ አባታችን ብዙ ካሰቡ በኋላ ፍትሐቱን እኛ እናደርሳለን፣ እሷ ግን ትንሽ ትበርታ፣ ጾሙም ይለፍ አሉ። እሺ አልኩ። እስከዚህ ድረስ አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግነው።

አርባዋ ሲደርስ መንገዱ ለጥቂት ቀን ላላ አለ። ለእናቴ እህቴን ጠይቄያት ልምጣ አልኳት። ፊቷ ሲበራ አየሁ። የገና ጾም ስለነበር ቅቤ መላክ አልቻለችም፤ ሽሮ አዘጋጀች። ሽምብራውን በደህናው እጇ አንድ በአንድ ለቅማ፣ ቆልታ፣ ቅመሙን ራሷ መርጣ አስፈጨችው። ለእሷ ብቻ ነው፣ ለጎረቤት እንዳትበትነው ብላኛለች በያት አለችኝ። እስከ ግንደወይን በጭነት መኪና ሄጄ አደርኩ፤ ከዚያ ጥቂቱን በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ነው የሄድኩት። ሽሮው ከጀርባዬ አልወረደም።

ሞጣ ስደርስ የእድሩ ሴቶች ወጥ እየሠሩ ነበር። አንዷ ምን ይዘሽ መጣሽ ስትለኝ ሽሮውን አውጥቼ ሰጠኋት። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝማ። የእናቴ ሽሮ ለልጇ ተዝካር ወጥ ሆነ፤ እኔም ከሰው ጋር ተቀምጬ በላሁት። ጣፍጦኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሰው ሲበተን አከራይዋ ወደ ሱቃቸው ጠሩኝ። ፍሪጁን ከፍተው ከለስላሳው ጠርሙስ ኋላ አንድ የወረቀት ከረጢት አወጡ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከፍሪጁ እያወጡ ከውሃው ጋን አጠገብ፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ነው የከረሙት። «የእናቷ አደራ ነው፤ ከእኔ እጅ እንዳይጠፋ ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም» አሉና እንባቸው መጣ። ከረጢቱ ላይ በእህቴ ጽሕፈት ተጽፏል፦ «ሽንኩርት አይደለም፣ አይበላም። ጫፉ ወደ ላይ ይሁን። አፈሩ ጫፉን በስሱ ይሸፍነው። ቡቃያው እስኪወጣ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ውሃ በጣም ትንሽ። የነካው እጅ ስለሚያሳክክ ይታጠብ።» ሌላ ነገር የለም። ልክ ለተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፈው ነው።

ስመለስ ግንደወይን ላይ ጥቁር ልብሴን አውልቄ፣ አጣጥፌ ከቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። ከላዩ የአበባውን ከረጢት አስቀመጥኩ። ቤት ስገባ እናቴ ባልዲዎቹን አጥባ፣ ሥራቸውን በምስማር በስታ፣ አምስቱንም ደርድራ ጠበቀችኝ። ጥያቄዋ ተከታተለ። እንዴት ናት? ደህና ናት። ከስታለች? ትንሽ። ሽሮውን ወደደችው? ወደደችው። ሦስቱንም ሳልደናቀፍ ነው የመለስኩት። ውሸት ሲጀመር ይከብዳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔን ምንም አልከበደኝም።

በማግሥቱ ተከልናቸው። የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው፤ ውሃ ከጠጣ አይለቅም። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ከወንዝ አሸዋ አስመጥታ፣ የደረቀ ፍግ ጨምራ ደባለቀችው። እኔ ወረቀቱን አነባለሁ፣ እሷ በአንድ እጇ ትሠራለች። እያንዳንዱን ራስ ስታስቀምጥ ጫፉን ወደ ሰማይ አቅንታ በሌባ ጣቷ ዙሪያውን ትጠቀጥቃለች። እጇን ሲያሳክካት ደስ አላት። «ይኸው፣ ያለችው ደረሰ» አለች። ከዚያ አምስተኛውን ተክላ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ ለእኔስ ምን አለች አለችኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። ባዶውን እያየሁ፣ ናፍቄሻለሁ፣ ሲያብብ መምጣቴ አይቀርም ትላለች ብዬ አነበብኩላት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ተቀበለችኝና በመቀነቷ ቋጠረችው።

ባልዲዎቹን ጓዳ አስገብታ እንቅብ ደፋችባቸው። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው እነሱን ነው። እኔ ሥራ ውዬ ስገባ ከሞጣ የመጣ ሰው አላገኘሽም ወይ ትለኛለች። አንዳንድ ቀን የለም እላለሁ፤ ሲብስባት ሳይ ደግሞ ሾፌር አገኘሁ፣ ደህና ነኝ ብላለች እላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ተክሉ አፈሩን ሊከፍት አልቻለም፤ እናቴ ተጨነቀች፤ ስለ አበባው ምንም አላለችም ወይ እያለች ነዘነዘችኝ። አንድ ነገር ልበልና ትረፍ ብዬ፣ ውሃ ጨምሩለት ብላለች አልኳት። አፌ እንዳመጣልኝ ነው ያልኩት። እሷም ጨመረች። በየቀኑ ጨመረች።

ሁለቱ በሰበሱ። ሽታቸው ነው የነገረን፤ እናቴ ስትነካቸው ጣቷ ገብቶ ጠፋ። አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። እኔ እነሱን ሳይ ውስጤ የነበረው ሁሉ ገነፈለ፤ ጓዳው ውስጥ ተንበርክኬ እዬዬ አልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ እህቴን ያለቀስኳት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ደነገጠች፤ ለሽንኩርት እንዲህ ይለቀሳል እንዴ፣ ሦስት ቀርቶልናል እያለች እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ለልጇ የማለቅሰውን ለቅሶ እሷው እያባበለችኝ ነበር። በኋላ ቁጭ ብላ አሰላሰለችና፣ ልጄ ውሃ ትንሽ ብላ ጽፋ፣ መልሳ ጨምሩ አትልም፣ መልክተኛው ነው ቃሏን ያበላሸባት አለች። የሌለውን ሾፌር ስትረግም አብሬያት ረገምኩ።

ገናም ጥምቀትም አልፎ ሽማግሌዎቹ ተዘጋጁ። አጎቴ መንገዱ እየተከፈተ ነው፣ አሁን ይነገራት፣ ግፊቷ እንዴት ነው ብለው ላኩብኝ። ጥፋቴ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን እናቴን ጤና ጣቢያ ወስጄ አስለክቻት ነበር፤ ግፊቷ ወርዶ ነርሷ እንኳ ተገርማለች። ካርዱን ያስቀመጥኩት በገዛ እጄ ነው። አጎቴ ቤት ሄጄ ግን ከፍ ብሏል፣ አሁን ብትነግሯት ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ አልኳቸው። አጎቴ የእኔን ቃል እንደ ሐኪም ቃል ነው የሚያዩት። እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ አሉና ተዉት።

ለምን ዋሸሽ ብትሉኝ፣ ሦስቱም ባልዲ ላይ ቡቃያ ወጥቶ ነበር። እናቴ ወደ በረንዳው አውጥታቸው፣ በየሰዓቱ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ታዞራቸው ነበር። ቢያንስ አበባውን ትየው አልኩ። መጀመሪያ ደስ ይበላት፣ ከዚያ ትዘን። ምሕረት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ደግሞ ለእኔም ቤቱ ውስጥ እህቴ ገና ያልሞተችበት አንድ ሰው መኖሩ ይሻለኝ ነበር። ማታ ስለ እሷ ስናወራ፣ ስትመጣ የት እንደምትተኛ ስንመካከር፣ እኔ ራሴ የምረሳበት ጊዜ ነበረ።

መጋቢት ሲገባ አበቡ። ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ በአንድ ወፍራም ግንድ ዙሪያ ትንንሽ አበቦች ተደራርበው። ሽታቸው ከበረንዳው አልፎ መንገድ ላይ ይደርሳል። ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አሸተተ። ግንዱ ከብዶት ሲዘነበል እናቴ እንጨት አቁማ በክር ደገፈችው። ከሚመጡት ሴቶች ግማሾቹ እውነቱን ያውቁታል፤ አገር ነውና ወሬ አይደበቅም። እያወቁ አጎንብሰው ያሸታሉ፣ እጅሽ ይባረክ እያሉ እናቴን ይመርቃሉ፣ ከግቢው ሲወጡ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እናቴ ሽታው እኮ ያስለቅሳል ትላለች።

በዚያው ሳምንት ሚኒባስ ወደ ሞጣ መሥራት ጀመረ። እናቴ ወሬውን ከገበያ ይዛ መጣች። እሷ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ፤ አበባው ሳይረግፍ ልጄ ማሽተት አለባት፤ ሐሙስ እሳፈራለሁ አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ግፊትሽ ብላት አልሰማ አለች። ረቡዕ ወደ አጎቴ ሮጥኩ። እዚያው መንገድ ላይ ሰው ሳይነግራት በፊት ነገ ጎህ ሲቀድ እንምጣ ተባለ።

እኔ ተኝታ የሚያገኟት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከእኔ ቀድማ ተነስታ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ካበቡት የተሻለውን በባልዲው እንዳለ በጨርቅ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መኪናው ሳያመልጠን እያለች መዝጊያውን ከፈተችው። ውጭ አጎቴ፣ የነፍስ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ አራት ሰው ደጅ ላይ ከቆመ እኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ባልዲውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው፤ አልጣለችውም። የነፍስ አባታችን ልጅሽ አርፋለች አሏት።

«መቼ?» አለች።

ኅዳር ላይ አሏት።

«አርባዋስ?»

አጎቴ ሳያስቡት እኔን አዩኝ። እናቴ ዓይናቸውን ተከትላ ወደ እኔ ዞረች። ጩኸቱን እየጠበቅሁ ነበር፤ ደረቷን የምትመታ፣ መሬት ላይ የምትወድቅ መስሎኝ ልይዛት እጄን ዘርግቻለሁ።

«ሽሮዬን ማን በላው?» አለችኝ።

ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ሚኒባስ ሞጣ ሄድን። ባልዲውን ልያዝልሽ ስላት አልሰጥም ብላ በሽባ እጇ ደግፋ ይዛው ሄደች። መቃብሩ ላይ ስትደርስ የያዟት አከራይዋ ናቸው፤ እኔ ስጠጋ ትከሻዋን ታዞራለች። አራት ወር ሙሉ ልጄን እናቷ ሳታለቅስላት፣ እኔ አበባ ሳዞር፣ እያለች አለቀሰች። ማልቀሷን እንደ ዕዳ ነበር የምትከፍለው። በአርባዋ ቀን ምን ስትሠራ እንደዋለች አስታውሳ የነገረችኝም ያኔ ነው፤ ባልዲ ሳጥብ፣ አለች፣ እየዘፈንኩ።

ይህ ከሆነ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴ አልሞተችብኝም፤ አጎቴ የፈሩት አልደረሰም፤ መርዶውን ያኔም ትችለው ነበር። አንድ ቤት እንኖራለን፣ አብረን እንበላለን፣ አትሰድበኝም። ብቻ የምነግራትን ነገር አታምንም። ጤፍ ረከሰ ስላት ጎረቤት ልካ ታስጠይቃለች። አጎቴ ደወሉ፣ ደህና ናቸው ስላት ስልኩን ተቀብላኝ ራሷ ድምፃቸውን ካልሰማች አትቀመጥም። ግፊትሽ ዛሬ ደህና ነው ስላት ነርሷን ትጠይቃለች። ሰው ፊት ስታደርገው መሬት ብትውጠኝ እወዳለሁ።

ቅጠሎቹ ሲደርቁ ሁለቱን ራሶች ከበረንዳው፣ አንዱን እናቴ መቃብሩ ላይ ትታው ከመጣችው ባልዲ አውጥቼ ጥላ ውስጥ አደረቅሁ። ይህን ወረቀቱ አይልም፤ ጠይቄ ነው ያወቅሁት። መስከረም ላይ ለአከራይዋ ላክሁላቸውና ከለስላሳው ኋላ አስቀመጡልኝ። ታኅሣሥ ላይ አስመጥቼ ለብቻዬ ተከልኳቸው። እናቴ ከበረንዳው ሆና ስታየኝ ነበር፤ አልቀረበችም።

ዘንድሮ በጣም ዘገዩ። አምስት ሳምንት አልፎ አፈሩ ዝም አለ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ባልዲዎቹ አጠገብ ቆም አለች። ከዚያ መርዶ ወዲህ ስለ አበባው ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሞተዋል ወይ አለችኝ። አልሞቱም እማዬ፣ ሥር እያወጡ ነው አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣለችና በርከክ አለች። በደህናው እጇ አፈሩን ጫረችው። ራሱን እስክታገኘው ድረስ ቆፈረች፤ አገኘችውና በሁለት ጣቶቿ ያዝ አድርጋ፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንደምትፈትሽ ጫን ጫን አደረገችው። ጠንካራ ነበር። ሁለተኛውን ቆፈረች፣ ሦስተኛውን ቆፈረች። ሁሉንም መልሳ አፈር አለበሰቻቸውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ዘንድሮስ እውነትሽን ነው» አለችና ወደ ቤት ገባች።